የነጥብ ፊደል ልትሠሩ ነው? ግሪድ፣ አጥንት ተከታይ ወይስ ሃፍቶን

የአማርኛ ጌጥ ፎንት በነጥብ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል የሚለውን ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ቀድሞ መወሰን ያለበት ነጥቦቹ በምን ሕግ ይደረደራሉ የሚለው ነው፣ እሱን ደግሞ የሚወስነው ፊደሉ መጨረሻ ላይ ምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ቲሸርት ላይ በስቶን፣ በሚያብለጨልጨው የጌጥ ጠጠር ነው? ጣና ዳር ያለ ካፌ በር ላይ በኤልኢዲ ነው? ላሜራ ላይ በሌዘር ተበስቶ ነው ወይስ የሰርግ ካርድ ላይ ታትሞ? መልሱ በየቦታው ይለያያል።

ለላቲኑ የተዘጋጀ ሞልቷል። ጉግል ፎንትስ ላይ ብቻ እንኳ ኮዲስታር እና ራሌዌይ ዶትስ በነጻ አሉ፣ ግን ሁለቱም ውስጥ የኛ ፊደል የለም፣ ስለዚህ አንድ ዲዛይን ላይ እንግሊዝኛው በነጥብ አምሮ ከሥሩ አማርኛው በደረቅ ቦልድ ይቀመጥና ሁለቱ የማይተዋወቁ ይመስላሉ፣ ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። ነጥብ እኮ ለኛ ጽሕፈት እንግዳ አይደለም። ጣና ዳር ያለው ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያሉትን የብራና መጻሕፍት ካያችሁ ክፍል ሲያልቅ ቀይና ጥቁር ነጥብ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ ጸሐፊውም ገና መስመር ከማስመሩ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ እየበሳ ነው ምልክት የሚያደርገው። ከዚህ አገር የወጣ ፊደል በነጥብ ሲሠራ ማማር አለበት ብዬ ነው የማምነው።

ሦስቱ መንገዶች

ግሪድ ማለት ካሬ ፍርግርግ ታስቀምጡና እያንዳንዱን ቤት ወይ ትሞላላችሁ ወይ ባዶ ትተዋላችሁ። አጥንት ተከታይ የምለው ደግሞ የፊደሉን የመሃል መስመር በቀጭኑ ስላችሁ ነጥቦቹ መስመሩን ተከትለው የሚደረደሩበት ነው፣ ጎባጣው ጎባጣ ሆኖ ይቀራል፣ ክቡም ክብ ሆኖ። ሃፍቶን የሚባለው ወፍራም ፊደል ትወስዱና ውስጡን ትልቅና ትንሽ በሆኑ ነጥቦች የምትሞሉበት ነው፣ ጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ በጣም ሲጎላ የምታዩት ዓይነት።

እኔ የምመርጠውን ቀድሜ ልናገር። ለአማርኛ ብዙውን ጊዜ አጥንት ተከታዩ ይሻላል፣ ግሪድ የምይዘው ማሽኑ ሲያስገድደኝ ነው፣ ሃፍቶን ደግሞ ለአንድ ወይ ለሁለት ቃል ርዕስ ካልሆነ አልነካውም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአንዲት ትንሽ ነገር መነሳት አለብኝ።

የሐምስ ቀለበት

ሊ እና ሌን አጠገብ ላጠገብ ጻፏቸውና እዩ። አካላቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ቀኝ እግር ግርጌ ያለችው ነገር ብቻ ናት፣ ሊ ላይ አጭር ሰረዝ ናት፣ ሌ ላይ፣ ሐምስ (አምስተኛው ቤት) ስለሆነ፣ ትንሽ ቀለበት። በደህናው ፎንት ይሄ ችግር የለውም፣ በነጥብ ስትሠሩ ግን ያቺ ቀለበት የሁሉ ነገር ፈተና ትሆናለች፣ ምክንያቱም ፊደሉ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ትንሿ እሷ ናት፣ ግን መሃሏ ባዶ ሆኖ መታየት አለበት። መሃሏ ከተዘጋ ሌ ሊ ይሆናል፣ ጌ ጊ ይሆናል፣ ትርጉም ይቀየራል።

ስለዚህ በነጥብና በነጥብ መሃል ያለውን ርቀት (ከመሃል እስከ መሃል ለክታችሁ፣ እኔ እርምጃ እለዋለሁ) ዓይናችሁ ደስ እንዳለው አትወስኑት፣ ከቀለበቷ ነው መነሳት ያለባችሁ። ቀለበቷን በአራት ነጥብ ከሠራችኋት መሃሏ ያለው ክፍት ቦታ ከነጥቡ ብዙም አይበልጥም፣ ዓይን ቀለበት ሳይሆን አራት ነጥብ ነው የሚያየው፣ ፊደሉ እግር ሥር ‹።› የተለጠፈ ይመስላል። አምስት ላይ ይሻላል ግን ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ይመስላል። ስድስት ሲሆን ነው ቀለበት የሚሆነው። ስድስት ነጥብ በክብ እኩል ስትደረድሩ እርምጃው በትክክል የቀለበቷ ግማሽ ዲያሜትር ይሆናል፣ ይሄ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው፣ ሂሳቡም ቀላል ነው። ፎንቱ በ1000 ዩኒት (ፎንት የሚሳልበት መለኪያ ነው) ተሠርቶ የፊደሉ ቁመት 700 ገደማ ቢሆን፣ ቀለበቷን በመሃል መስመሯ 120 ብታደርጓት እርምጃው 60 ይሆናል፣ የነጥቡ ዲያሜትር የእርምጃው 0.7 ይሁን ካላችሁ 42፣ ቁመቱም ወደ 12 ነጥብ ይመጣል። አስራ ሁለት ነጥብ ቁመት፣ ለአማርኛ ጥሩ መነሻ ይሄ ነው። ከዛ በታች ስትወርዱ ወይ ቀለበቷን ከልክ በላይ ማሳበጥ አለባችሁ ወይ ትዘጋለች።

መሞከሪያ ቃል ስትመርጡም ተጠንቀቁ። እዚህ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጽፈው ባሕር ዳር ብሎ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ግን አንድም ሐምስ የለም፣ አራት የተለያዩ ፊደላት ብቻ ናቸው ሁሉም ደግሞ በነጥብ የሚያምሩ፣ ስለዚህ ዲዛይኑ ያለቀ ይመስላችኋል። ዘጌ ብላችሁ ጻፉ። ከክፍሉ ማዶ ቆማችሁ ስታዩት ዘጊ ሆኖ ከተነበበ ተመለሱ። ከዛ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ ጨምሩ፣ ከላይ ያለችው ሰረዝ ከፊደሉ ጋር ተጣብቃ ከሆነ ትጠፋለች፣ ቢያንስ አንድ እርምጃ ከፍ ትበል። ከዛ ጠ እና ሐ፣ ባለ ሦስት እግሮቹን፣ ሦስቱ ወደ ላይ የሚያዩበትን ሠንም።

የባለ ሦስት እግር ነገር ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልገዋል። ዓይን ነጥቦችን የሚያያይዘው በቅርበት ነው፣ ስለዚህ አንድ እግር ላይ ያሉት ነጥቦች እርስ በርሳቸው መቀራረብ አለባቸው፣ ከጎረቤት እግር ነጥቦች ደግሞ መራቅ። ሁለቱ ርቀት ከተመሳሰለ ጠ ጠ መሆኑ ይቀርና በነጥብ የተሞላ ካሬ ይሆናል። በእግሮቹ መሃል ያለው ርቀት ከእርምጃው ቢያንስ እጥፍ ይሁን ነው የምለው፣ ሦስት እጥፍ ከሆነማ በጣም ጥሩ፣ ያ ማለት ግን ጠ እና ሐ ከለመዳችሁት ሰፋ ይላሉ። ይስፉ። ፊደሉን ሁሉ እኩል ስፋት ሳጥን ውስጥ ለማስገባት የሚደረገው ትግል የነጥብ ፊደልን የሚያበላሽ ዋና ነገር ነው።

ግሪድ መቼ

ግሪድ ጥሩ የሚሆነው መጨረሻው ራሱ ግሪድ ሲሆን ነው። በየሱቁ የምታዩት ጽሑፍ የሚሮጥበት የኤልኢዲ ቦርድ ብዙው ፒ10 ሞጁል ነው፣ አንዱ ሞጁል 32 በ16 ነጥብ፣ በነጥቦቹ መሃል 10 ሚሊ ሜትር። ቁመታችሁ 16 ረድፍ ነው ማለት ነው፣ ምርጫ የላችሁም። እኔ የማከፋፍለው ለፊደሉ አካል 12 ረድፍ፣ ከላይ ለሚወጡት (ለሸ ሰረዝ፣ ለቶ ቀለበት) 3፣ የቀረችው 1 ትንፋሽ ናት። ቀለበቷ እዚህ ሦስት በሦስት ሆና መሃሏ ባዶ ትሁን፣ ስምንት ነጥብ ማለት ነው፣ ሁለት በሁለት ካደረጋችኋት ድቡልቡል ሰረዝ ናት በቃ። ባለ ሦስት እግሮቹ በእግሮቹ መሃል ሁለት ሁለት ባዶ ዓምድ ይተውላቸው፣ ስፋታቸው 7 ይሆናል።

ላቲን በ5 በ7 ነጥብ ይነበባል፣ ከድሮ ጀምሮ የትንንሽ ስክሪን ልክ እሱ ነው፣ አማርኛን እዛ ውስጥ ለመክተት የሚሞክር ሰው ግን ቀለበቷ ብቻዋን ከሰባቱ ሦስቱን ረድፍ ትወስድበታለች፣ እግሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ጃፓኖች ለዛ የተወሳሰበ ጽሕፈታቸው 16 በ16 ግሪድ ነው የያዙት፣ ዶትጎቲክ16 የሚባለውን ነጻ ፎንት አውርዳችሁ ብታዩት ምን ያህል ነገር 16 ውስጥ እንደሚገባ ብዙ ትማሩበታላችሁ።

የግሪድ ችግሩ ማዘም ነው። የፊደላችን ጎባጣ ትከሻና ያዘመሙ እግሮች ግሪድ ላይ ደረጃ ይሆናሉ፣ ደረጃው ለኤልኢዲ ያምርበታል፣ የሰርግ ካርድ ላይ ግን የኮምፒውተር ስህተት ይመስላል።

አጥንት ተከታይ መቼ

ስቶን፣ ጥልፍ፣ ላሜራ፣ ሕትመት፣ የሚበራ ጌጥ፣ ባጠቃላይ ነጥቡን የትም ማስቀመጥ የምትችሉበት ቦታ ሁሉ።

ሥራው በኢላስትሬተር ቀላል ነው። የፊደሉን አጥንት በፔን ትስላላችሁ፣ ስትሮኩን ዳሽድ (ቁርጥራጭ መስመር) ታደርጉና ዳሹን 0፣ ጋፑን (ክፍተቱን) የፈለጋችሁትን እርምጃ፣ ጫፉን ክብ ስታደርጉት መስመሩ ራሱ ነጥብ ይሆናል። ዳሹ ማዕዘንና ጫፍ ላይ እንዲገጥም የሚያደርገውን አማራጭ አብሩት፣ ካልሆነ መጨረሻ ላይ ግማሽ እርምጃ ተርፎ እግሩ አጭር ይመስላል። ኢንክስኬፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ክብ ነጥብ ሠርታችሁ መስመር ላይ እንዲደጋገም የሚያደርግ ኢፌክት አለ፣ እሱም ይሠራል።

ማሽኑ የማያውቀው መገናኛን ነው። ተ ላይ አግድሙና ቁሙ ሲገናኙ ሁለት መስመር ስለሆኑ እዛ ጋ ሁለት ነጥብ ተደራርቦ ወይ ተጠጋግቶ ይመጣል፣ ከሩቅ ጠቆር ያለች እብጠት ትመስላለች። ስለዚህ በእጅ ነው መሥራት ያለባችሁ፣ መጀመሪያ መገናኛው ላይ አንድ ነጥብ፣ ከዛ ጫፎቹ ላይ፣ ከዛ ማዕዘኖቹ ላይ ታስቀምጡና በየመሃላቸው የቀረውን ርዝመት እኩል ትከፍሉታላችሁ። እርምጃው ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፣ 60 የነበረው አንዱ ጋ 57 ሌላው ጋ 63 ይሆናል፣ ይሄን ዓይን አይይዘውም። ከአስር ፐርሰንት በላይ ከተለያየ ግን አጥንቱን ራሱን አስረዝሙት ወይ አሳጥሩት፣ ነጥቡን አትግፉት። እዚህ ላይ የምታጠፉት ሰዓት ነው ፎንቱን ፎንት የሚያደርገው፣ ቀሪው ድካም ብቻ ነው።

ሃፍቶን

በትልቅ ባነር፣ በመድረክ ጀርባ፣ ጥምቀት ወይ የሰርግ ሰሞን ለአንድ ቃል በጣም ያምራል፣ በተለይ ነጥቦቹ ከላይ ወደ ታች እያነሱ ሲሄዱ። ግን ለአንድ ፊደል መቶዎች ነጥብ ይፈልጋል፣ ሲያንስ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለበቶቹ መጀመሪያ ይደፈናሉ፣ በስቶንም በላሜራም ለመሥራት ያስቸግራል። ፎንት ማድረግ አያስፈልገውም፣ ቃሉን እንደ ስዕል ሥሩት።

ምን ላይ እንደሚያርፍ

ስቶን ላይ የነጥቡ መጠን ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ መጠኑም በኤስኤስ ቁጥር ይነገራል። ኤስኤስ6 ወደ 2 ሚሊ ነው፣ ኤስኤስ10 ወደ 2.8፣ ኤስኤስ16 ወደ 4። ባለ 12 ነጥቡን ፊደል በኤስኤስ10 በ4 ሚሊ እርምጃ ብታስቀምጡት ቁመቱ 4.7 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፣ ባሕር ዳር የሚለው በአንድ መስመር 22፣ 23 ሳንቲም ይወስዳል፣ የአዋቂ ደረት ላይ በደንብ ይቀመጣል። በኤስኤስ16 ካደረጋችሁት ከ30 ሳንቲም ያልፍና ወደ ብብት ይሄዳል፣ ሁለት መስመር ማድረግ አለባችሁ። ለሕጻን ልብስ ኤስኤስ6። ፕሎተር (የስቲከር መቁረጫ ማሽን) ላይ የሚቆረጠው የስቶን ማሰለፊያ ቀዳዳ ከስቶኑ ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ግማሽ ሚሊ ገደማ፣ ያለዚያ ስቶኑ አይገባም። በዛው ፕሎተር ግን ነጥቦቹን እንደ ስቲከር ቆርጣችሁ ባጃጅ ላይ ለመለጠፍ አታስቡ፣ እያንዳንዷን ነጥብ ለየብቻ መንቀል ነው፣ ትንንሾቹ ደግሞ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሄዳሉ። ለባጃጅ ታትሞ በአንድ ቁራጭ የሚቆረጥ ስቲከር ነው የሚሻለው።

ላሜራ ላይ የነጥብ ፊደል ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ሰው ግን ብዙ አያስበውም። ተራ ፊደል ላሜራ ላይ ስትቆርጡ የዐ፣ የወ፣ የቀ፣ የመ መሃል ተቆርጦ ይወድቃል፣ እንዳይወድቅ ድልድይ መተው አለባችሁ፣ ድልድዩ ደግሞ ፊደሉን ያበላሸዋል። በነጥብ ሲሆን ምንም የሚወድቅ የለም፣ ከጀርባው መብራት ሲደረግበት ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳው ከላሜራው ውፍረት ባያንስ ይመረጣል፣ በቀዳዳዎቹ መሃል የሚቀረውም ብረት እንደዛው። ሐይቁ ዳር ላሉ ካፌዎችና ሎጆች አጥር ወይ መብራት የሚሠራ ሰው ይሄን ቢሞክር ደስ ይለኛል።

የሚበራ ኤልኢዲ ከሆነ የነጥቡን መጠን አሳንሱ። ሕትመት ላይ የነጥቡ ዲያሜትር የእርምጃው 0.7 ወይ 0.8 ሲሆን ያምራል፣ ማታ ብርሃን ስለሚፈነዳ ያው ልክ ተያይዞ መስመር ይሆናል፣ ወደ 0.4 ወይ 0.5 ውረዱ። ባለ 12 ሚሊ ቀዳዳውን አምፖል በ3 ሳንቲም እርምጃ ስትደረድሩት ፊደሉ 34 ሳንቲም ገደማ ቁመት ያገኛል፣ አንዱ ፊደል 35 አካባቢ አምፖል ይበላል፣ ክሩ ብዙ ጊዜ 50 አምፖል ስለሆነ ለሁለት ፊደል አንድ ክር አይበቃም፣ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ቁጠሩ። ቀን ላይስ? የባሕር ዳር ፀሐይ ለጠፋ ኤልኢዲ አትራራም፣ መብራት ሲሄድም ያው ነው፣ ስለዚህ በየነጥቡ ዙሪያ ከቦርዱ በጣም የሚለይ ቀለም ያለው ክብ ቀቡ ወይ ለጥፉ፣ ክቡ የእርምጃው 0.7 አካባቢ ይሁን፣ ቀን በክቡ ይነበባል ማታ በአምፖሉ።

ሥርዓተ ነጥቡ

የኛ ሥርዓተ ነጥብ ራሱ ነጥብ ነው። ። ፡ ፤ ፨ ሁሉም በነጥብ ፊደል መሃል ሲገቡ የፊደሉ ቁራጭ ይመስላሉ። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ የሥርዓተ ነጥቡን ነጥቦች ከፊደሉ ነጥብ በአንድ ተኩል እጥፍ ማሳደግ ነው፣ ሌላው ቅርጽ መለወጥ፣ ፊደሉ በክብ ከሆነ ሥርዓተ ነጥቡ በዳይመንድ። እኔ ዳይመንዱን እመርጣለሁ፣ ሲያንስም ይለያል፣ የብራናውንም ስሜት ይሰጣል። የ፣ እና የ፤ ሰረዝ ግን በነጥብ አትሥሩት፣ ድፍን ይሁን።

ፎንት ወይስ ስዕል፣ በምን

ለአንድ ቲሸርት ከሆነ ፎንት አታድርጉት፣ የሚያስፈልጋችሁን አራት አምስት ፊደል ሥሩና በቃ። ፎንት የሚሆነው ደጋግማችሁ የምትጽፉበት ከሆነ ነው፣ ያኔ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231፣ ከዛ እነ ኳ፣ ቋ፣ ጓ፣ ከዛ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር ይጠብቃችኋል።

ከፎንት መሥሪያ ሶፍትዌሮች ግሊፍስ በጣም ደስ የሚል ነው ግን ማክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ፎንትላብ ዊንዶውስም ላይ ይሠራል፣ ግን ይከፈልበታል። ፎንትፎርጅ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሄዳል፣ መልኩ ያረጀ ነው፣ ለነጥብ ፎንት ግን የሚፈለገው አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አለው። አንድ ነጥብ እንደ ግሊፍ (እንደ አንድ የፎንት ፊደል) ትሠራላችሁ፣ ሌላ ቦታ ሁሉ ኮፒ ሪፈረንስ እያላችሁ እሱን ትጠራላችሁ። ነገ ነጥቡን ከክብ ወደ ኮከብ ብትለውጡት 231ዱም በአንዴ ይለወጣል፣ ቲቲኤፍ በሚባለው የፎንት ፋይል ስታወጡትም ነጥቡ አንዴ ብቻ ስለሚቀመጥ ፋይሉ አያብጥም። በሌላው ዓይነት ፋይል፣ በኦቲኤፍ ስታወጡ ግን ሪፈረንሱ ይፈታና እያንዳንዱ ነጥብ ራሱን የቻለ ቅርጽ ይሆናል። ፓይተን የሚችል ልጅ ካለ የነጥቦቹን ቦታ በስክሪፕት ማስገባት ይቻላል፣ ብዙ ቀን ያተርፋል። የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ያለ ምንም ማመንታት ፎንትፎርጅ።

ፊደሎቹን በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ዓለም አቀፍ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ቦታቸው አስቀምጡ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ፣ በድሮው የፓወር ግዕዝ ዓይነት አቀማመጥ ብትሠሩት ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው አይጠቀምበትም።

አጥንቱን ከሌላ ፎንት ላይ ለመሳል ካሰባችሁ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ ኦኤፍኤል በሚባለው ነጻ የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ማሻሻል ይፈቀዳል፣ ግን የነሱን ቅርጽ ወስዳችሁ ያሻሻላችሁት ፎንት በዛው ፈቃድ መውጣት አለበት፣ ብቻውን መሸጥ አይቻልም፣ የተጠበቀ ስም ካለም ያንን ስም መያዝ አይችልም። ኒያላ የሚባለው ፎንት የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፣ እሱን ፎንትፎርጅ ውስጥ ከፍታችሁ አትነካኩ። ለመሸጥ ከሆነ ሐሳባችሁ አጥንቱን ከባዶ ሳሉት፣ ዞሮ ዞሮ የነጥብ አጥንት ቀጭን መስመር ስለሆነ ከሌላው ፎንት ብዙ የምታተርፉት ነገር የለም።

ማስታወቂያ ቤት ስትሰጡ ደግሞ ፎንቱን አትላኩ። ዳሽድ ስትሮኩን ወደ ቅርጽ ለውጡት፣ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ኮረል ላይ ሲከፈት ነጥቡ መልሶ መስመር እንዳይሆን። የነጥቡን ዲያሜትርና እርምጃውን በሚሊ ሜትር ፋይሉ ጥግ ላይ ጻፉላቸው፣ ሰውየው ለቦርዱ እንዲመጥን ብሎ ካሳነሰው ምን ያህል እንዳሳነሰው ለክቶ ይነግራችኋል።